የግራፊክስ ካርድ ማራገቢያ አልዞር ሲል

የግራፊክስ ካርድዎ ማራገቢያ ቆሞ ቢያዩት ተበላሸ ብለው አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ከዛሬዎቹ ካርዶች ብዙዎቹ ሥራ ሲቀላቸው፣ ሙቀቱ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ፣ ማራገቢያውን ሆን ብለው ያቆሙታል። ከባድ ጌም ከፍተው ይሞክሩት፤ 70ን አልፎም ካልዞረ ችግር አለ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ነው። ከካርዱ ጋር የመጣው መቆጣጠሪያና ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባንድነት ሲሠሩ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይሽረዋል። አንዱን ያጥፉ፤ ፍጥነቱንም ወደ አውቶማቲክ ይመልሱ።

ማራገቢያው እየጮኸ ሙቀቱ ካልወረደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአቧራ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ፤ ክንፎቹን በጣት ይዘው በታመቀ አየር ይንፉት (በአፍ አይሆንም፣ ምራቅ ይገባበታል)። በቆየ ካርድ ላይ ቺፑን ከማቀዝቀዣው ብረት የሚያገናኘው ቅባት ደርቆም ሊሆን ይችላል።