ዋናውን ማስቀደም፦ የአኅጽሮተ ጥናት አጭር ታሪክ

አንድ የጤና ባለሙያ የጥናት ጽሑፍ እጁ ሲገባ በቅድሚያ የሚያነበው ከርዕሱ ሥር የሰፈረውን አኅጽሮተ ጥናት ነው። የጥናቱ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤትና መደምደሚያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጠቃልሎ መገኘቱ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት በሕክምና ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው።

ቁም ነገር በጽሑፍ መካከል ሲሰወር ምን እንደሚመስል የስኮትላንዳዊው ሐኪም የጄምስ ሊንድ ሥራ ያሳያል። ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ሳልስበሪ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ በስከርቪ፣ ማለትም በቫይታሚን ሲ እጥረት የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በ6 ቡድን በመክፈል ለየቡድኑ የተለየ ሕክምና ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ፈጥነው አገገሙ። ሊንድ በ1753 ባሳተመው ከ400 በላይ ገጾች ባሉት መጽሐፍ ውስጥ ግን ይህ ውጤት የሰፈረው በመካከል፣ በጥቂት ገጾች ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል የወሰነው በ1795፣ ከ42 ዓመታት በኋላ ነው። ለመዘግየቱ አጻጻፉ ብቻውን ምክንያት አልነበረም፤ ሊንድ ራሱ ያቀረበው በእሳት የተወፈረ ጭማቂም ፈዋሽነቱን ያጣ ነበር።

በ1665 ለንደን ላይ መታተም በጀመረው «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» መጽሔትም ብዙዎቹ ጽሑፎች የደብዳቤ መልክ ነበራቸው። ጸሐፊው የሆነውን ሁሉ በሆነበት ቅደም ተከተል ይተርክ ነበር። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት የሚለው አከፋፈል በታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች መስፋፋት የጀመረው በ1940ዎቹ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ብቸኛው ሥርዓት ለመሆን በቅቷል።

ቀጣዩ እርምጃ የተወሰደው በ1987 ነው። በዚያ ዓመት አንድ የባለሙያዎች ቡድን «አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን» በተሰኘው መጽሔት ላይ ባቀረበው ሐሳብ፣ የክሊኒክ ጥናት አኅጽሮት በ7 ንዑስ ርዕሶች እንዲከፈል ጠየቀ። እነርሱም ዓላማ፣ የጥናቱ ንድፍ፣ የተካሄደበት ስፍራ፣ የተካተቱት ሕሙማን፣ የተሰጠው ሕክምና፣ ልኬትና ዋና ውጤቶች፣ እንዲሁም መደምደሚያ ናቸው። የታሰበው፣ ጊዜ ያጠረው ሐኪም ጥናቱ ለእርሱ ሕሙማን የሚሆን መሆኑን ፈጥኖ እንዲለይ ነበር። ፐብሜድ በ1997 ለሕዝብ በነፃ ከተከፈተ ወዲህም አኅጽሮቱ ከሙሉው ጽሑፍ ተነጥሎ በመላው ዓለም ይነበብ ጀመር። ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ የሚጠይቅ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ብዙው አንባቢ ከአኅጽሮቱ አያልፍም።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1999 የ6 የሕክምና መጽሔቶችን ጽሑፎች የመረመረ ጥናት፣ እንደየመጽሔቱ ከመቶ 18 እስከ 68 የሚሆኑት አኅጽሮቶች ከዋናው ጽሑፍ ጋር የማይስማማ ወይም በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ጨርሶ የሌለ መረጃ እንደያዙ አሳየ። በ2008 በዕጣ ድልድል የሚካሄዱ ሙከራዎች አኅጽሮት ጉዳትንም ጭምር ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያ ወጣ። ችግሩ ግን አልተወገደም። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በዋናው ውጤታቸው ረገድ ስታቲስቲካዊ ልዩነት ያላሳዩ 72 ሙከራዎችን ተመልክቶ፣ በ42ቱ የአኅጽሮት መደምደሚያ ላይ ሕክምናው ጠቃሚ መስሎ እንዲታይ ወይም አንባቢው ዋናውን ውጤት እንዲዘነጋ የሚያደርግ አገላለጽ አግኝቷል።

ስለዚህ ዋናውን ማስቀደም አንባቢን የሚጠቅመው የቀደመው ነገር እውነተኛ ሲሆን ነው። ጸሐፊ የሆነ ባለሙያ አኅጽሮቱን ከሠንጠረዦቹ ጋር ቁጥር በቁጥር ሊያስተያይ፣ ጥቅሙን በጻፈበት ስፍራ ጉዳቱንም ሊጽፍ ይገባዋል። አንባቢው በበኩሉ አኅጽሮቱን ለመምረጫ ይጠቀምበት እንጂ፣ የሕመምተኛውን መድኃኒት ከመለወጡ በፊት የውጤቱን ክፍል ራሱ ይመልከት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና።