የፍራንክፈርት ማዕድ ቤት፤ የተለካው ርምጃና ያልተለካው መንፈስ

«ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው ብሂል አንድ መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው የሠራተኛውን ድካም ሲያቀል ብቻ መሆኑን ያስገነዝባል። ይሁን እንጂ የሰው ድካም የጉልበት ብቻ አይደለም፤ የመንፈስም ድካም አለ። ጉልበትን የሚያሳርፍ ዕቃ መንፈስን የሚያስጨንቅበት ጊዜ ስለሚኖር፣ ለሰው የሚነደፍ የዕለት ተዕለት መገልገያ ሁለቱንም ማመዛዘን ይገባዋል። በሃያኛው ምእተ ዓመት የንድፍ ታሪክ ይህን እውነት ከነጥንካሬውና ከነጉድለቱ አጉልቶ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ፣ በጀርመን አገር የተሠራው የፍራንክፈርት ማዕድ ቤት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ከተሞች የመኖሪያ ቤት ችግር እጅግ ተባብሶ ነበር። በወዛደሩ ሠፈር አንዲት ክፍል ማብሰያም፣ መብያም፣ ልብስ ማጠቢያም ሆና ታገለግላለች፤ ሲመሽም መኝታ ትሆናለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 የከተማይቱን የግንባታ ሥራ እንዲመራ የተሾመው አርክቴክት ኤርንስት ማይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10,000 በላይ መኖሪያዎችን አሠራ። በ1926 ለነዚህ ቤቶች የሚሆን ማዕድ ቤት የነደፈችው ደግሞ በ1897 በቪየና የተወለደችው ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ናት። ይህች አርክቴክት ገና ተማሪ ሳለች፣ በ1917፣ በወዛደሮች መኖሪያ ላይ ለተዘጋጀ የንድፍ ውድድር ስትሰናዳ፣ እርሳስ ከማንሳቷ በፊት በመምህሯ ምክር ወደ ድሆች ሠፈር ሄዳ አኗኗራቸውን በዓይኗ ተመልክታ ነበር።

በዚያን ዘመን አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ቴይለር የፋብሪካን ሥራ ሰከንድ በሚቆጥር ሰዓት መለካትን አስፋፍቶ ነበር። የአገሩ ልጅ ክርስቲን ፍሬደሪክ ደግሞ ዘዴውን ወደ ቤት ውስጥ ሥራ አሸጋገረችው። ሹተ-ሊሆትስኪም ከምድጃ እስከ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ እስከ ዕቃ ማጠቢያ ያለውን እያንዳንዱን ርምጃ ለካች። በጠባብ ቦታ ለብዙ ተሳፋሪ ምግብ የሚሰናዳበትን የባቡር ማዕድ ቤት አጠናች። በመንገዱ ተመሳሳይነት ግን ዓላማው አልተመሳሰለም። በፋብሪካ የተቆጠበው ደቂቃ ለባለሀብቱ ትርፍ ሲውል፣ በማዕድ ቤት የሚቆጠበው ሰዓት ለሴቷ ለራሷ፣ ለትምህርቷና ለዕረፍቷ እንዲተርፍ ታስቦ ነበር።

ክፍሉ ወርዱ ወደ 1.9 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 3.4 ሜትር ነበር። በመስኮቱ ሥር ብርሃን የሚያገኝ የሥራ ጠረጴዛ፣ ከፊቱም ተሽከርካሪ በርጩማ ተቀመጠ፤ ቆሞ መዋል ቀረ። መብራቱ በጣሪያው ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። የልብስ መተኮሻው ከግድግዳ ላይ ይዘረጋል፣ ሲበቃው ይታጠፋል። ስኳሩ፣ ሩዙና ሌላውም ጥሬ ስማቸው በተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ተደረደሩ። ዝንብ ሰማያዊ ቀለም ይጠላል ተብሎ ስለታመነ፣ ቁም ሣጥኖቹ ሰማያዊ ተቀቡ። ሙቀት አፍኖ የሚያቆየው ሣጥን በተለይ ለሠራተኛዪቱ የታሰበ ነበር፤ ጠዋት ከእሳት ላይ ያወጣችውን ምግብ ከሥራ ስትመለስ በስሎ ታገኘዋለች። ወደ ሳሎን የሚያስገባው ሰፊ ተንሸራታች በር ደግሞ እናት እያበሰለች ልጆቿን እንድትጠብቅ ያስችላታል። በዚህ ዓይነት ወደ 10,000 የሚጠጉ ማዕድ ቤቶች ተሠሩ፤ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ፊልምም ተነሣላቸው።

ሆኖም ነዋሪው ከገባ በኋላ ቅሬታ ተሰማ። ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ ስለተለካ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሊሠራበት አልቻለም። በምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ መብላትና መጫወት የለመደው ቤተሰብ ከእሳቱ ተለየ፤ ሴቲቱም ብቻዋን ቀረች። ለእጅ እንዲመቹ ዝቅ ብለው የተሠሩት መሳቢያዎች ለልጆች እጅም ተመቹ። ሹተ-ሊሆትስኪ ማዕድ ቤቱን በነደፈችበት ጊዜ ራሷ ምግብ የማብሰል ልምድ እንዳልነበራት ኋላ በግልጽ ተናግራለች። ሰዓቱ ርምጃን ቆጠረ፤ ጨዋታን፣ አብሮነትንና የልማድን ኃይል የሚቆጥርበት ግን አልነበረውም። ከዚህም በላይ ሥራው ቀለለ እንጂ የሴት ብቻ መሆኑ አልቀረም። በ1970ዎቹ በምዕራብ ጀርመን የሴቶች መብት ተሟጋቾች ማዕድ ቤቱን የነቀፉት በዚሁ ምክንያት ነበር።

የነዳፊዋ ሕይወት ግን ለሰው ልጅ ያላትን ቅንነት ይመሰክራል። በ1930 ከማይ ቡድን ጋር ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዳ በአዳዲስ ከተሞች ግንባታ ተሳተፈች። ኋላም ከፀረ ናዚ ትግል ጋር ተቀላቅላ በ1941 በቪየና ተያዘች፤ የ15 ዓመት እሥራት ተፈርዶባት፣ በ1945 ከወኅኒ ነጻ ወጣች። በ2000፣ 103 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት አረፈች። ከማዕድ ቤቶቿ አንዱ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

እንግዲህ የፍራንክፈርት ማዕድ ቤት ታሪክ መለኪያን እንድንንቅ አያስተምርም፤ ያለ መለኪያ የስንት ሺህ ሴት ወገብ በከንቱ ይጎብጥ ነበር። የሚያስተምረው፣ ንድፍ ዕቃው ተሠርቶ ሲያበቃ እንደማያልቅ ነው። ወጣቷ ተማሪ በ1917 የድሆችን በር እንዳንኳኳች ሁሉ፣ ቤቱ ተሠርቶ ነዋሪው ከገባ በኋላም ነዳፊው ተመልሶ በሩን ማንኳኳትና የሚነገረውን ማዳመጥ ይኖርበታል።