መዝገቡ ለማን ይጠቅማል?



ውድ አድማጮቻችን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው አዘዋል። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። እነዚህ ሁለት ግዴታዎች፣ መክፈልና መመዝገብ፣ በታሪካችን እንዴት እንደተገናኙ ዛሬ እናያለን።

በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከበሕረይን 500,000 ዲርሃም ይዘው መዲና ገቡ። ዑመር ቁጥሩን ማመን ስላቃታቸው «እንቅልፍ ይዞሃል» ብለው ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። በማግስቱ እውነት መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ይህን ገንዘብ እንዴት እናከፋፍል? የሚል ጥያቄ ተነሣ። የውጭ ነገሥታትን አሠራር ያዩ ሰዎች መዝገብ እንዲቋቋም መከሩ። በዚህ መልኩ በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ (641 እ.ኤ.አ) «ዲዋን» ተመሠረተ። ክፍያው እንደ ዛሬው የወር ደመወዝ ሳይሆን ዓመታዊ ድርሻ ነበር፤ በበድር ለተዋጉት 5,000 ዲርሃም ተመደበ።

የዘር ሐረግ አዋቂ የነበሩት ዐቂል፣ መኽረማና ጁበይር ስም ዝርዝሩን ሲጽፉ የዑመርን ጎሣ በዝምድና ከሚገባው ቦታ አስቀደሙ። ዑመር ግን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዝምድና ከሚቀርቡት ጀምሩ፤ እኔንም አላህ ባስቀመጠኝ ቦታ አስቀምጡኝ አሉ። ዘመዶቻቸው ቅር ብሏቸው ቢመጡም ገሥጸው መለሷቸው።

ይሁን እንጂ መዝገቡ አንድ ጉድለት ነበረበት። ድርሻ የሚመደበው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር የነጋዴዎችን ሰፈር ሲጠብቁ ሕፃን አላቋርጥ ብሎ ሲያለቅስ ሰሙ። እናቱ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ዑመር ጡት ላልጣለ ስለማይመድብ ያለ ጊዜው ላስጥለው ነው አለቻቸው። ዑመር የዚያን ቀን ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው ብዛት ሰዉ ቂርኣታቸውን መለየት አቃተው። ከሶላት በኋላም ድርሻው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን አሳወጁ፤ ወደ ግዛቶቹም ጻፉ።

ውድ አድማጮች፣ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። መዝገብ የሚያዘው ለባለ መብቱ ነው፤ ባለ መብቱን ከጎዳ መታረም ያለበት መዝገቡ ነው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ ተቀናሹንና የተጣራውን የሚያሳይ፣ ሠራተኛው የሚፈርምበት መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል። ሠራተኛው ሲጠይቅም ሊያሳየውና ሊያስረዳው ይገባል። ጎድሎበት ሳይቃወም ቢፈርም እንኳ ቀሪውን እንደተወ አይቆጠርም።

ስለዚህ ሱቅ ያለን፣ ግንበኛ ያሠራን፣ የቤት ሠራተኛ የቀጠርን ሁሉ ዛሬ ማታ ደብተራችንን እንግለጥ። ስንት ተስማማን? ስንት ከፈልን? ስንት ቀረ? ደብተር ከሌለን ዛሬ እንጀምር። እኛ ያልጻፍነውን የሚጽፉ መላእክት አሉና።

አላህ (ሱ.ወ) የሰው ሐቅ ሳይኖርብን ከሚገናኙት ያድርገን። አሚን።