ማነጻጸሪያ

አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው፣ «እንደኔው ሆኖ ሳለ የተሻለ አግኝቷል» ብሎ ለችሎት የሚጠቅሰው ሌላ ሰው ነው። በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንዲት ልብስ ሰፊ ደመወዟ ማነሱን ብቻ ብትናገር አቤቱታዋ ይላላል፤ በዚያው መስመር፣ በዚያው ማሽን ተቀምጦ ብልጫ የሚከፈለውን ወንድ ስታሳይ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ከጎኗ ይቆማል።

የባቱ (ዝዋይ) አበባ እርሻ ጉዳይ ይከብዳል። ለቀማና እሽጉ በአብዛኛው የሴቶች፣ የኬሚካል ርጭቱ የወንዶች ነው። ታዲያ ለቃሚዋ ከማን ጋር ትነጻጸር? ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 መንገድ ይከፍታል፦ ሥራው ቢለያይም ዋጋው እኩል ከሆነ ክፍያውም እኩል ይሁን ይላል። ጽጌረዳን አንገቱን ሳይሰብሩ በርዝመት ለይቶ ማሰር ክህሎት ነው፤ ከርጭቱ ጎን ሊመዘን ይገባዋል ባይ ነኝ።