የምት እርማት በዲጂታል ሙዚቃ፦ ከሎስ አንጀለስ እስከ ዲትሮይት

በተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ ቀድመው ወይም ዘግይተው ያረፉ ድምፆችን ወደ ተወሰነ የጊዜ ቦታ የመመለስ ሥራ ዛሬ በየስቱዲዮው የተለመደ ቢሆንም፣ ታሪኩ ሲመረመር ዓላማው ከዝንፈት የጸዳ ምት ከማግኘት ተነሥቶ፣ ዝንፈቱን ራሱን ለክቶ የሙዚቃው ውበት አካል እስከ ማድረግ የደረሰ መሆኑን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የሎስ አንጀለሱ አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋችና የመሣሪያ ንድፍ ባለሙያ ሮጀር ሊን ኤል ኤም-1 የተባለውን የከበሮ ማሽን ለገበያ አቀረበ። ማሽኑ ከእውነተኛ ከበሮ የተቀዱ ድምፆችን በዲጂታል መልክ በማሰማት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሁለት የጊዜ ማስተካከያ ስልቶችንም ይዞ ነበር። አንደኛው ኳንታይዜሽን ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ ቁልፉን ከቦታው ጥቂት አዛንፎ ቢመታ እንኳ፣ ማሽኑ ድምፁን በአቅራቢያው ወዳለው እኩል የጊዜ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ምቱ ሩብ፣ ይስበዋል። ሁለተኛው ስዊንግ ሲሆን፣ ከሁለት ተከታታይ ሩቦች ኋለኛውን በተወሰነ መጠን ማዘግየት ማለት ነው።

በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ዜማ ሁለት ሩቦች በአንድነት 333 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳሉ። ስዊንጉ 50 ከመቶ ላይ ሲሆን ኋለኛው ድምፅ በ167ኛው ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ልክ እኩሌታው ላይ ሲያርፍ፣ 66 ከመቶ ላይ ግን ወደ 220ኛው ይዘገያል፤ በዚህም ጊዜው ለሁለት ሳይሆን እንደ ችክችካ ለሦስት የተከፈለ ሆኖ ይሰማል። ከሃምሳ ሚሊ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጠው ይህ ልዩነት ደረቁን ምት ወደሚያወዛውዝ ምት ይለውጠዋል።

ሊን ከጃፓኑ አካይ ኩባንያ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኤም ፒ ሲ 60 እያንዳንዱን ምት ለ96 ደቃቅ ክፍሎች ስለሚከፍል፣ ድምፅን በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ማንቀሳቀስ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከተለውን ኤም ፒ ሲ 3000 ከማንም በላይ በአዲስ መንገድ የተጠቀመበት የዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄይ ዲላ ነው። ዲላ እርማቱን አጥፍቶ ብቻ ይሠራ እንደነበር በብዙዎች ቢነገርም፣ የአሠራሩ ጥልቀት ያለው እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ በማስተዳደሩ ነው፤ ከከበሮው ድምፆች ስናሩን ጥቂት አስቀድሞ፣ ኪኩን ከቦታው አዛንፎ፣ ሃይ ሃቱን በሌላ ስዊንግ ሲያስኬድ፣ ቀጥ ያለውና የሚወዛወዘው ጊዜ በአንድ ዘፈን ውስጥ ጎን ለጎን ይጓዛሉ።

ከዚህ በኋላ የመምሰሉ አቅጣጫ ተገለበጠ። በመጀመሪያ ማሽኑ ሰውን ለመምሰል ሲጥር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የዘፋኙ የዲአንጀሎ «ቩዱ» አልበም ከበሮ መቺው ኩዌስትላቭና ቤዝ ተጫዋቹ ፒኖ ፓላዲኖ ዲላ በማሽን የፈጠረውን መዛነፍ በእጃቸው ለመጫወት ተለማመዱ።

ዲላ እ.ኤ.አ. በ2006 በ32 ዓመቱ ቢያርፍም፣ ይሠራበት የነበረው ማሽን በዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ይህ ክብር የሚገባው ነው፤ የጊዜ እርማት መሣሪያ የሚለካው ስሕተትን ሁሉ በማጥፋቱ ሳይሆን፣ የትኛው ዝንፈት መኖር እንዳለበት የሚወስነውን ሙዚቀኛ ጆሮ በማገልገሉ ነውና።