የይፋግ ወይንና የጎንደር ዘቢብ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ማረፊያና ትልቅ ገበያ ነበረች። ስሟን ያስጠራው ሌላው ነገር የወይን ተክሏ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በዚያ አገር ጥሩና ጠንካራ የወይን ጠጅ እንደሚጠመቅ ጽፏል።

ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥትም ሆነ በመኳንንት ግብር የሚከበረው መጠጥ የማር ጠጅ ነበር። ወይን ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ለቅዳሴ ነው። ለቅዳሴ ደግሞ ፍሬው በፀሐይ ደርቆ ዘቢብ ይሆናል። ዲያቆኑ ቤተልሔም በሚባለው የመሥዋዕት ማዘጋጃ ቤት ዘቢቡን አጥቦ በንጹሕ ውሃ ይዘፈዝፈዋል፤ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ይጨመቅና ቀይ ጭማቂው ለጽዋው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ካህናቱ ዘቢብ ዘፍዝፈው በጨርቅ ሲያጠሉ ማየቱን መዝግቧል። የአውሮፓ ገዳማት የመከሩን ወይን በበርሜል ሲያስቀምጡ፣ እዚህ ለዓመት የሚቀመጠው የደረቀው ፍሬ ነበር። ክረምትም ይሁን በጋ ቅዳሴ ሳይታጎል የኖረው በዚህ ዘዴ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ኦይዲየም የተባለ ሻጋታ የይፋግን ወይን አጠፋው። ሻጋታው የፍሬውን ልጣጭ ያጠቃል። ቅጠሉንና ፍሬውን ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። የታመመው ልጣጭ ማደጉን ሲያቆም ውስጡ ግን ማበጡን ስለማይተው ፍሬው ይሰነጠቅና ይበሰብሳል። ሻጋታው ከሰሜን አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዝ ታየ፤ በ1854 የፈረንሳይን ምርት እጅግ ዝቅ አደረገው። ለመስፋፋት ዝናብ አያስፈልገውም፤ ሞቃትና እርጥበት ያዘለ አየር ይበቃዋል።

ፈረንሳዮች የድኝ ዱቄት በተክሉ ላይ እየነሰነሱ እርሻቸውን አዳኑ። የይፋግ ተክል ግን ወደ ቀድሞ ዝናው አልተመለሰም። ተክሉ ቢጠፋም ሥርዓቱ አልተቋረጠም፤ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ በሚመጣ ዘቢብ መቀደሱን ቀጠሉ።

ለንግድ የሚጠመቀው ወይን ከዚያ በኋላ የተስፋፋው ወደ ደቡብ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጉደርን የመሰሉ ቀይ ወይኖች ለአገር ውስጥ ገበያ አቀረበ። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ በዝዋይ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ አወጣ። በጎንደር አገር ግን የወይን ታሪክ ጸንቶ የቆየው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዘቢቡ ዛሬም በቤተልሔም ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል።