የታላላቅ የሮክ ኮንሰርት ትኬቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ የማግኛ ስልቶች

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚካሄዱ ታላላቅ የሮክ ሙዚቃ ኮንሰርቶችን ለመታደም የሚጠየቀው ዋጋ ካለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ወዲህ ከፍተኛ ጭማሪ ማሳየቱ ጉዳዩን ከአድናቂዎች ቅሬታ አሳልፎ የሕግ አውጪዎችና የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሥራ አጀንዳ አድርጎታል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር የነበሩት አላን ክሩገር ባካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ የኮንሰርት ትኬት አማካይ ዋጋ በ82 በመቶ ሲጨምር፣ አጠቃላይ የሸማቾች ዋጋ የጨመረው ግን በ17 በመቶ ብቻ እንደነበር አመልክተዋል።

ይሁንና አንድን ኮንሰርት በአንድ ስታዲየም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች የከፈሉት ገንዘብ በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ዕድል ብቻ ሳይሆን ትኬቱ መቼ፣ ከማንና በምን ዓይነት የሽያጭ ሥርዓት እንደተገዛ ነው። በመሆኑም ርካሽ ትኬት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የገበያውን አሠራር ማወቅ ይኖርበታል።

ዋጋው ለምን ይንራል?

የአንድ ስታዲየም መቀመጫ ብዛት የተወሰነ ነው። ታዋቂ ባንድ በአንድ ከተማ የሚያቀርበው ዝግጅትም ብዙ ጊዜ ከአንድና ከሁለት ምሽት አያልፍም። ሙዚቀኞች በአድናቂዎቻቸው ዘንድ እንደ ስግብግብ ላለመታየት ሲሉ ትኬቱን እጅግ ባለጸጋው ታዳሚ ሊከፍል ከሚችለው ባነሰ ዋጋ ሲያቀርቡ ኖረዋል። በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ነው ደላሎችን የሚስበው። ደላሎቹ ሽያጩ እንደተከፈተ በፈጣን ሶፍትዌር አማካይነት በርካታ ትኬቶችን ሰብስበው በመግዛት በዳግም ሽያጭ ድረ ገጾች ላይ በትርፍ ያቀርቧቸዋል።

የዚህን ክስተት ግልጽ ማሳያ ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. በአገሪቱ ለደረሰው ረሃብ ዕርዳታ ለማሰባሰብ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የመግቢያው ዋጋ 25 ፓውንድ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 20 ፓውንዱ ለዕርዳታው የሚውል ልገሳ ነበር። ከሃያ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2005 በለንደን ሃይድ ፓርክ የተካሄደው ላይቭ ኤይት ደግሞ ትኬቱን ያከፋፈለው በሞባይል የጽሑፍ መልእክት በሚካሄድ ዕጣ ሲሆን፣ ለዕጣው ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልእክቶች ተልከዋል። ዕጣው የደረሳቸው አንዳንድ ሰዎች በነጻ የወሰዱትን ትኬት ወዲያውኑ በኢቤይ ድረ ገጽ ላይ ለጨረታ አወጡት። አዘጋጁ ቦብ ጌልዶፍ ድርጊቱን በብርቱ በማውገዛቸውና ሕዝቡም በመቆጣቱ ኩባንያው ትኬቶቹን ከሽያጭ አንስቷል፤ ምንም እንኳ በወቅቱ የብሪታኒያ ሕግ ሽያጩን ባይከለክልም። ትኬቱ በነጻ ቢሰጥም እንኳ ሻጭና ገዢ እንደማይጠፋ ይህ አጋጣሚ አረጋግጧል።

ከሽያጩ ቀን በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ትኬትን በመጀመሪያ ዋጋው ለማግኘት ዋነኛው ስልት ከቅድመ ሽያጭ መዝገብ ውስጥ መግባት ነው። አብዛኞቹ ታላላቅ ባንዶች ለአድናቂዎች ማኅበር አባላት፣ ለተወሰኑ የባንክ ካርድ ደንበኞችና በቅድሚያ ስማቸውን ላስመዘገቡ ሰዎች ከአጠቃላዩ ሽያጭ ቀደም ብለው ትኬት ያቀርባሉ። ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ክፍያ የማይጠይቅ ቢሆንም ትኬት ለማግኘት ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ለድምፃዊት ቴይለር ስዊፍት ኮንሰርቶች 3 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሰዎች መመዝገባቸውን ሻጩ ቲኬትማስተር የገለጸ ሲሆን፣ ሥርዓቱ የቀረበለትን ጥያቄ መሸከም ባለመቻሉ አጠቃላዩ ሽያጭ ከነአካቴው ተሰርዟል። ጉዳዩም በጥር ወር 2023 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ ፊት ቀርቧል።

ከምዝገባው በተጨማሪ ገዢው ለትኬቱ የሚያወጣውን ከፍተኛ ገንዘብ በወረቀት ላይ አስፍሮ ወደ ሽያጩ መግባት ይኖርበታል። ይህ ቀላል የሚመስል ጥንቃቄ ትልቅ ጥቅም አለው። ምክንያቱም በኢንተርኔት ወረፋ ለሰዓታት ቆይቶ ተራው የደረሰው ሰው ትኬቱን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልከፈለ እንደሚያጣ ስለሚነገረው የቀረበለትን ዋጋ ያለማመንታት ወደ መቀበል ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2024 የብሪታኒያው ባንድ ኦኤሲስ ዳግም መገናኘት ትኬት ለሽያጭ በቀረበበት ዕለት የሆነው ይኸው ነው። ወደ 150 ፓውንድ ገደማ እንደሚሸጥ ተነግሮ የነበረው የመቆሚያ ቦታ ትኬት ወረፋ ሲጠብቁ የዋሉ ሰዎች ተራ ሲደርስ ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

የአገሪቱ የውድድርና የገበያዎች ባለሥልጣን ባካሄደው ምርመራ ጭማሪው በየደቂቃው ዋጋ በሚለዋውጥ ሶፍትዌር የመጣ እንዳልነበረ አመልክቷል። የመቆሚያ ቦታ ትኬቶቹ በሁለት ዋጋ የተከፈሉ ሲሆን፣ ርካሾቹ ተሸጠው ሲያልቁ ውዶቹ ቀርበዋል፤ ይህም ለገዢዎች አስቀድሞ አልተነገረም። በተጨማሪም "ፕላቲነም" የሚል ስያሜ የተሰጣቸው አንዳንድ መቀመጫዎች ተጨማሪ ጥቅም ሳይኖራቸው ከመደበኛው ትኬት ሁለት እጥፍ ተኩል በሚጠጋ ዋጋ መሸጣቸውን ባለሥልጣኑ ገልጿል። ቲኬትማስተር እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2025 ለባለሥልጣኑ በገባው ግዴታ መሠረት እንዲህ ያለ የደረጃ ዋጋ በሚኖርበት ጊዜ ከ24 ሰዓት በፊት ለገዢዎች ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ቅሬታ ያስነሳው የብሩስ ስፕሪንግስቲን የ2023 ጉዞ ነበር። በሐምሌ ወር 2022 ሽያጩ ሲጀመር ጥቂት ትኬቶች እስከ 5 ሺህ ዶላር ተጠይቆባቸዋል። ሆኖም ቲኬትማስተር ባወጣው መግለጫ ዋጋቸው በፍላጎት የተወሰነው 11 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑና ቀሪዎቹ ከ59 ነጥብ 50 እስከ 399 ዶላር በተተመነ ቋሚ ዋጋ መሸጣቸውን አስታውቋል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ገዢው በስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የታየው ዋጋ ሲያስደነግጠው ገጹን ከመዝጋት ይልቅ "ፕላቲነም" የሚለውን ምርጫ አጥፍቶ መደበኛ መቀመጫዎችን መፈለግ እንዳለበት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ትኬት ያላገኘ ሰውም ተስፋ መቁረጥ አይገባውም። ፍላጎቱ ከፍተኛ ሲሆን ባንዶች ተጨማሪ ምሽቶችን የመክፈት ልማድ አላቸው። ኦኤሲስም ከቅሬታው በኋላ በዌምብሌይ ሁለት ተጨማሪ ምሽቶችን ከፍቶ ትኬቱን በዕጣ ለተጋበዙ ሰዎች ሸጧል። ደላሎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በመጀመሪያው ምሽት ላይ በመሆኑ ተጨማሪው ምሽት አብዛኛውን ጊዜ ለተራው አድናቂ ይቀልለዋል።

የአገልግሎት ክፍያ

ከትኬቱ ዋጋ ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው የአገልግሎት ክፍያ ነው። የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በመጀመሪያ ሽያጭ ላይ ክፍያው በአማካይ የትኬቱን ዋጋ 27 በመቶ፣ በዳግም ሽያጭ ላይ ደግሞ 31 በመቶ እንደሚሆን አስታውቋል። በርካሽ ትኬቶች ላይ ጫናው ይበልጥ ይከብዳል።

የብሪታኒያው ባንድ ዘ ኪውር በ2023 በአሜሪካ ላካሄደው ጉዞ ዝቅተኛውን ትኬት በ20 ዶላር ተምኖ ነበር። ይሁን እንጂ አራት ትኬት የገዛ አንድ አድናቂ ለትኬቶቹ 80 ዶላር፣ ለልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎች ደግሞ 92 ዶላር ከ10 ሳንቲም መክፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ይፋ ሆነ። የባንዱ መሪ ሮበርት ስሚዝ ባሰሙት ተቃውሞ ቲኬትማስተር ዝቅተኛውን ትኬት ለገዙ 10 ዶላር፣ ለሌሎች ደግሞ 5 ዶላር ተመላሽ ለማድረግ ተስማምቷል። አንድ ሙዚቀኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስገኘው ይህ ውጤት ትንሽ ቢመስልም ፐርል ጃም የተሰኘው የሲያትል ባንድ ከሠላሳ ዓመት በፊት ካጋጠመው ጋር ሲነጻጸር ቀላል አይደለም። ባንዱ የትኬቱን ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ለማድረግ በመፈለግ በ1994 በዚሁ ኩባንያ ላይ ለፍትሕ ሚኒስቴር አቤቱታ ቢያቀርብም፣ ሚኒስቴሩ በቀጣዩ ዓመት ምርመራውን ያለ እርምጃ ዘግቶታል።

ከግንቦት 12 ቀን 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ተግባራዊ የሆነው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ትኬት ሻጮች አስገዳጅ ክፍያዎችን ያካተተውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ደንቡ ክፍያውን አይቀንስም፤ ማወዳደርን ግን ያቀላል። ክፍያውን መቀነስ የሚፈልግ ሰው በአዳራሹ የትኬት መስኮት በአካል ቀርቦ መግዛቱ አሁንም በብዙ ቦታዎች ያዋጣዋል። ይህ ግን በከተማው ለሚኖር ብቻ የሚመች ነው።

የመጠበቅ ስልት

ኮንሰርቱ ካለፈ በኋላ ትኬት ዋጋ የለውም። ይህ እውነታ በደላላው እጅ ያለውን ሸቀጥ እንደ በሰለ ፍራፍሬ ያደርገዋል። በመሆኑም ዝግጅቱ ሲቃረብ፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ሰዓታት፣ የዳግም ሽያጭ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ስልቱ ይበልጥ የሚሠራው በሥራ ቀናት ምሽት በትላልቅ ስታዲየሞች ለሚቀርቡ ዝግጅቶች ሲሆን፣ ለዓመታት ተለያይቶ ለቆየ ባንድ ወይም ለአነስተኛ አዳራሽ ግን አያስተማምንም። የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ አውጥቶ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰውም በዚህ ስልት መተማመን የለበትም።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ መንገድም አለ። አዘጋጆች መድረኩ ተተክሎ የድምፅና የመብራት መሣሪያዎች የሚሸፍኑት ቦታ እስኪታወቅ ድረስ የተወሰኑ መቀመጫዎችን ሳይሸጡ ያቆያሉ። ለባንዱ እንግዶች ተይዘው የሚቆዩም አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የተረፉት በዝግጅቱ ዋዜማ ወይም በዕለቱ በመጀመሪያ ዋጋቸው ለሽያጭ ስለሚቀርቡ የሻጩን ገጽ በእነዚያ ቀናት ደጋግሞ መመልከት ይጠቅማል።

አንዳንድ ባንዶች ደግሞ ርካሽ ትኬት ለደላላ እንዳይመች አድርገው ያቀርባሉ። ኮልድፕሌይ በ"ሚዩዚክ ኦቭ ዘ ስፊርስ" ጉዞው በየከተማው የተወሰኑ ትኬቶችን በ20 ዩሮ ግምት ሸጧል። ገዢው ሁለት ትኬቶችን በአንድነት መግዛት ያለበት ሲሆን፣ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያውቀው በዕለቱ ትኬቱን ከመስኮት ሲረከብ ነው። ቦታው ከመድረኩ አጠገብም ከጣሪያው ሥርም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል ደግሞ ትኬት የሚሸጠው ፎቶግራፉን አስቀድሞ ላስመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላ ማስተላለፍም አይቻልም። የ2025ቱ መግቢያ 373 ነጥብ 50 ፓውንድ ነበር። ይህን መክፈል የማይፈልጉ በርካታ ወጣቶች በኦክስፋም የበጎ ፈቃድ አስተናባሪነት ተመዝግበው ሦስት ፈረቃ በመሥራት በነጻ ይገባሉ፤ የሚያስይዙት ገንዘብም ሥራቸውን ሲጨርሱ ይመለስላቸዋል።

ጥንቃቄና ሕግ

በዳግም ሽያጭ ገበያ ውስጥ በእጁ የሌለውን ትኬት የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ኮንሰርቱ ይፋ በሆነ ማግስት፣ ሽያጩ ገና ሳይጀመር ትኬት ቀርቦ ከተገኘ ይኸው መሆኑን መጠርጠር ይገባል። የአዳራሹን ስም አስመስለው የተከፈቱ ድረ ገጾችም በፍለጋ ውጤት አናት ላይ ስለሚታዩ ከባንዱ ወይም ከአዳራሹ ይፋዊ ገጽ ተነስቶ ወደ ሻጩ መሄድ ይመረጣል። የሞባይል ትኬቶች መለያ ምልክት በየጊዜው ስለሚቀያየር በፎቶ የተላከ ትኬት በር ላይ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

መንግሥታት የወሰዷቸው እርምጃዎች ይለያያሉ። አሜሪካ በታኅሣሥ ወር 2016 በሶፍትዌር ትኬት መሰብሰብን በሕግ የከለከለች ሲሆን፣ ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በጥር ወር 2021 በሦስት የኒውዮርክ ደላሎች ላይ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴርም በግንቦት ወር 2024 የቲኬትማስተርን ባለቤት ላይቭ ኔሽንን በገበያ ጠቅላይነት ከሷል። አየርላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ በተለዩ ትላልቅ ሥፍራዎች ለሚካሄዱ ዝግጅቶች ከመጀመሪያ ዋጋ በላይ ዳግም መሸጥን ከልክላለች፤ የብሪታኒያ መንግሥትም በኅዳር ወር 2025 ተመሳሳይ ክልከላ ለመደንገግ ማቀዱን ይፋ አድርጓል።

በአንጻሩ የኒውዮርክ፣ የኢሊኖይና የኮሎራዶ ግዛቶች ሕጎች ገዢው ትኬቱን ለሌላ የማስተላለፍ መብቱን ያስጠብቃሉ። ዘ ኪውር ትኬቱ እንዳይተላለፍ ያደረገውን ገደብ በእነዚህ ግዛቶች ሊያስፈጽም ያልቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ገዢው ትኬቱን በተገዛበት ዋጋ ከሚያለዋውጥ ይፋዊ ገጽ የመግዛት ዕድል ይኖረው እንደሆነ ለማወቅ ከባንዱ መግለጫ ባሻገር ዝግጅቱ የሚካሄድበትን ግዛት ሕግ መመልከት ይኖርበታል።